የፈታዮቹ ባና፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት፣ ሥራው ሲነሣ

የምንሠራው አንድ ትልቅ ባና፣ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ነው፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚፈተል፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚሸመን፣ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ባና በጠባብ ጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ስለሚሰፋ፣ እያንዳንዱን ክፋይ ከአንዲት ፈታይ ክር ብቻ ለማሠራት ወስነናል። በክፋዩ ጠርዝ ላይ ፈታይዋ የመረጠችው ስም ወይም ምልክት ይጠለፋል። ከባናው ሥር ደግሞ የከተማው ሴቶች ሲሠሩበት የኖሩት ሌላ ዕቃ ይቀመጣል፦ የአረቄ ማውጫ፣ ሸክላ፣ ኩበት። መክፈቻው የካቲት 29፣ ማርች 8 እንዲሆን አስበናል።

እንዲህ ያደረግንበት ምክንያት አለን። ገበያ ላይ የሴቶቹ ልቃቂት ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ነጋዴው ከብዙ ሴት ይገዛል፣ ሸማኔው ከነጋዴው ይገዛል፣ ባናው ሲያልቅ የሚጠራው የሸማኔው ስም ነው። ሸማኔው ምስጋናው ይገባዋል፤ የእኛንም የመረጥነው እጁን አይተን ነው። ክሩ ግን ከሰማይ አልወረደም።

ስለ ደብረ ብርሃን ሥራና ንግድ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይነሣል። አንዱ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን መቆርቆራቸው ነው። ሌላው በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። በሁለቱ መካከል አምስት መቶ ዓመት አለ። ከተማው በዚያ መሐል ፈርሷል፣ ተረስቷል፣ እንደገና ቀንቷል፤ ብርዱ ግን አንድም ዓመት አልቀረም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ፋብሪካ ሳይኖር፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ለብሶ አደረ? መልሱ የእንዝርት ሥራ ነው፣ እንዝርቱንም ያሾሩት ሴቶች ናቸው። ይህን ግድግዳ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ጠጉር

ጠጉሩን ያገኘነው ከመሐል ሜዳ በኩል ነው። መንዝ መውጣት በዚህ ጊዜ እንደ ልብ ስላልሆነ፣ ለገበያ ወደዚህ የሚመላለሱ ሰዎች መንገዱ ሲመች አመጡልን። ጥቁር፣ ቡላና ነጭ አለው። ቀለም አንነክርም፤ የባናው መልክ የበጉ መልክ ይሆናል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ላቱ ወፍራም ነው፣ ጠጉሩ ደግሞ ሻካራና ድብልቅ ነው። ለስላሳው ጠጉር ውስጥ ክር የማይይዝ፣ እንደ ጭራ የደረቀ ጠጉር አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው፤ የመለየቱን ሥራ ደግሞ በዓይን ብቻ ልማረው አልቻልኩም። ከመንዝ መጥተው እዚሁ ከተማ፣ ጠባሴ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው እየዳበሱ ከፈሉልኝ።

«ይሄ የትከሻው ነው፤ ለድር አድርጊው። ይሄ የሆዱ ነው፤ ጭቃ ጠጥቷል፤ ለማግ እንኳ ከታጠበ በኋላ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ በምን ለዩት?»

«ጎትቺው እስቲ። የጮኸው ይበጠሳል፤ ዝም ያለው ይሄዳል።»

ጎተትኩት። እውነትም ደካማው ጠጉር ሲበጠስ ጠቅ ይላል። በፋብሪካ የጠጉር ደረጃ የሚያወጣ ሰው ደመወዝ አለው፣ ማዕረግ አለው። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንኑ ሠርተዋል።

የተለየው ጠጉር በለብታ ውኃ ታጠበ። ውኃው ከፈላና ጠጉሩ ከታሸ እርስ በርሱ ይጣበቅና አይፈተልም፤ ስለዚህ መንከር እንጂ ማሸት የለም። ሲደርቅ በደጋን ተነደፈ፣ ተባዘተ፣ ለመፍተል እንዲመች ተጠቀለለ።

ኅዳር፣ መፍተል

ሰባት ፈታዮች አሉን። ከመካከላቸው አንዷ ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቀን የማሽኑን ክር ሲቀጥሉ ውለው ማታ ቤታቸው እንዝርት ያነሡ ነበር። «ማሽኑ የሱ ነው፤ እንዝርቱ የኔ ነው» ይላሉ። ሌላዋ ገና ወጣት ናት፤ ከአያቷ የተማረችውን አልረሳችም።

ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቤ ላስፈትል አስቤ ነበር፤ እነሱ ግን አልፈለጉም። መፍተል ለብቻው ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አይደለም። ወጡ እስኪበስል ይፈተላል፣ ለቅሶ ቤት ይፈተላል፣ ከብት እየጠበቁ ይፈተላል። ስለዚህ እኔ በየቤታቸው እዞራለሁ። እያንዳንዷ የራሷ ከረጢት አላት፤ ልቃቂቱ ከሌላዋ እንዳይቀላቀል ከረጢቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ በልዩ ልዩ ቀለም ሰፍቻለሁ።

ስለ ክፍያ ረጅም ውይይት ነበረን። ገበያው በሚዛን ይከፍላል። በሚዛን ሲከፈል ግን ወፍራም የፈተለችው ቶሎ ትሞላለች፤ ቀጭንና እኩል የምትፈትለው፣ ሙያ ያላት ሴት፣ ትጎዳለች። እኛ በውሎ እንድንከፍል ተስማማን። ከሰባቱ አምስቱ ደስ አላቸው። ሁለቱ «በሚዛን ለምደናል» ብለው ተጠራጠሩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ክፍያ ሲደርሳቸው ግን ተዉት።

የሰባቱን ልቃቂት ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የሰባት ሰው የእጅ ጽሑፍ መሰለኝ። የጡረተኛዋ ክር እኩል ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት። የእማማ ክር ጠበቅ ያለ ነው፤ ለድር የተሠራ ነው የሚመስለው። አንዷ ግራኝ ናት፤ እንዝርቷን የምታሾረው በተቃራኒ ስለሆነ የክሩ ጥምዘዛም ተቃራኒ ነው። ገበያ ላይ ይህን የሚያስተውል የለም፤ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ይጠፋል። በእሷ ክር ብቻ የተሸመነ ጨርቅ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ከጎረቤቱ ክፋይ በሌላ አቅጣጫ ያብረቀርቃል። ሸማኔው በመጀመሪያ አላመነኝም ነበር። ቁራጩን መስኮት ላይ ይዞ ካገላበጠው በኋላ ዝም አለ፣ ከዚያ «የማናት?» ብሎ ጠየቀ።

ስንት ዘመን ሲሸምን ኖሮ የክሩን ባለቤት የጠየቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሥራ ምንም ሌላ ነገር ባያመጣ ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

እሱው ራሱ የነገረኝን ልጻፈው፦ «እኔ በአንድ ቀን የምውጠውን ማግ አንዲት ሴት ሳምንት ሙሉ ትፈትለዋለች። ፈታይ ከሌለ እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ እግሬን ነው የማወዛውዘው።»

ታኅሣሥ፣ የሰሌዳው ጽሑፍ

ከባናው አጠገብ የሚቆም ሰሌዳ አለ፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ። የቡድናችን ግማሽ ነገሥታትን የወለዱና የመከሩ ሴቶችን እናስገባ አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የሰሜን ሸዋ ታሪክ በእንደነዚህ ሴቶች የተሞላ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ እህቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን በየአውራጃው ሾመዋል። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገር ያስተዳድሩ ነበር። የንጉሡ ባለቤት ወይዘሮ በዛብሽም በአንኮበር ግቢ ቃላቸው የሚሰማ ነበር።

እኔ ግን ተቃወምኩ። እነዚህ ሴቶች ስማቸው በታሪክ ተመዝግቧል፤ ሰሌዳችን ጠባብ ነው። አንኮበር ግቢ ውስጥ በየቀኑ የሚፈጨውን ማን ፈጨው? ጌሾውን ማን ወቀጠው? ለዚያ ሁሉ ሠራዊት እንጀራውን ማን ጋገረው? ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። በዚያ ዘመን የመጡት የውጭ እንግዶች ከአንኮበር በታች ስለሚቆመው የአልዩ አምባ ገበያ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ አሞሌው፣ ስለ ቡናው፣ ከሐረርና ከአፋር በኩል ስለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ስለ ጨርቁ። ከቆላ የወጣውን ጥጥ ክር ያደረገችው ሴት ግን ስም የላትም።

ከግቢው ሠራተኛ ሴቶች መካከል ስሟ የደረሰን አንዲት ሴት አለች፤ እጅጋየሁ። በአንኮበር ቤተ መንግሥት አገልጋይ እንደነበረች ይነገራል። ስሟ የቀረው ግን በሥራዋ አይደለም፤ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ምኒልክን ስለወለደች ነው። ባትወልድ ኖሮ እንደ ጓደኞቿ ትጠፋ ነበር። ከቀደሙት ሴቶች ሰሌዳው ላይ የምትገባው እሷ ብቻ እንድትሆን ተስማማን፣ ከስሟ ሥርም አብረዋት ስለሠሩት ሴቶች አንድ መስመር።

ታኅሣሥ ገብርኤል ካለፈ በኋላ፣ ናሙና

ባና ተሸምኖ አያልቅም፤ ይረገጣል። በሙቅ ውኃ ተነክሮ በእግር ሲረገጥ ክሩ እርስ በርስ ይያያዛል፣ ጨርቁ ይጠብባል፣ ይወፍራል፣ ነፋስም አያሳልፍም። ሙቀቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ለእኛ ይህ ፈተና ነበር፤ የሰባት ሴት ክር እኩል አይሸበሸብምና። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ክር አንድ ክንድ የሚሆን ናሙና አሸምነን አስረገጥን። ለቀቅ ተደርጎ የተፈተለው እስከ ሩብ ድረስ ገባ፤ የእማማ ጠበቅ ያለ ክር ከዚያ በጣም ባነሰ ነው የገባው። ሁሉም ክፋይ በአንድ ልክ ቢሸመን ኖሮ ከተረገጠ በኋላ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ አይሰፋም ነበር። አሁን ሸማኔው የእያንዳንዷን ክፋይ ርዝመት እንደ ክሯ ጠባይ ይለካል፤ ከየከረጢቱ ጋር የታሰረ ገመድ አለው፣ ገመዱ ላይ ቋጠሮ። ወረቀት አልፈለገም።

ጥር፣ ከጥምቀት ወዲህ፦ አረቄ፣ ሸክላ፣ ኩበት

ሽመናው እየሄደ ነው፤ እኔ ወደ ሌላው ዕቃ ዞሬያለሁ።

አረቄን ማስገባት የለብንም ያሉ ነበሩ። መጠጥ ቤት ያፈርሳል፣ እውነት ነው፤ ይህን የሚያውቁት ከማንም በላይ አረቄ አውጪዎቹ ናቸው። ግን የዚህን ከተማ የሴቶች ንግድ ያለ አረቄ መጻፍ አይቻልም። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው፣ ያንን ስም ያወጡትም ሴቶች ናቸው። በዚያ ገንዘብ ስንት ልጅ ተምሯል፣ ስንት ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ሙያውም ቀላል አይደለም። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ቆይቶ የብቅል ዱቄት ይገባበታል፤ በኋላ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል የተጋገረው ቂጣ ተፈርፍሮ ይጨመራል። ሲብላላ ወደ ማሰሮ ተገልብጦ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ እንፋሎት እንዳይወጣ ይለሰናል። እንፋሎቱ በቱቦ ወርዶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ላይ ጠል ሆኖ ይጠራቀማል። እሳቱ ከበረታ ውሃው ይበዛበታል፣ ከደከመ አይወርድም። ሴትዮዋ ጢሱ ውስጥ ቆማ ይህን በጆሮዋ ትጠብቃለች፤ ማሰሮው ውስጥ ያለውን ፍል ትሰማለች። ደግማ ካወጣችው ዳግም ይባላል። አተላው ደግሞ አይጣልም፤ ለሚደልቡት በጎችና ለወተት ላሞች ይሸጣል። ማለትም የከተማው ሥጋና ወተት እንኳ ከእነዚህ ሴቶች ምድጃ ጋር የተያያዘ ነው።

አንዲት አረቄ አውጪ ሣጥናቸውን ከፍተው በላስቲክ የተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞች አሳዩኝ። የደርግ ጊዜም አለበት። ሁሉም በራሳቸው ስም የተቆረጡ ናቸው። «ባሌ ሲሞት በስሜ አዞርኩት» አሉ፣ «ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አላሳለፍኩም።» እነዚህን ደረሰኞች ሳይ ደነገጥኩ። የከተማዋን ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ግን ነጋዴ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ዋናውን ወረቀት ከሣጥናቸው አላወጣም፤ ፎቶ አንሥተን በትልቁ እናሳትመዋለን፣ ስማቸው እንዲነበብ እሳቸው ፈቅደዋል።

ማሰሮውን ለማሳየት አዲስ አሠራን፤ አንዱን ጎን የተከፈተ፣ ውስጡ እንዲታይ። ይህ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወሰደኝ። በከተማው ዳር የሚኖሩ ናቸው፣ ከእናታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው እየዞሩ ነው የሚሠሩት። አረቄው፣ ጠላው፣ ወጡ፣ ቡናው፣ የከተማው ማእድ ሁሉ በእሳቸው ጭቃ ላይ ተቀምጧል። እንዲያም ሆኖ ሸክላ ሠሪ ምን እየተባለች እንደምትሰደብ እናውቃለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አውጀዋል፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን እያነሡ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኚህ ሴት ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። «ልጄ ትምህርት ቤት አለች» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፣ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

ማሰሮውን ከማቃጠላቸው በፊት ግን ከአንገቱ ሥር አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉበት። «ይሄ ይቁምልኝ» አሉ። ቆሟል። ከማሰሮው ፊት የሚቀመጠው ካርድ ላይ ስም አይኖርም፤ አሻራውን የሚያሳይ ቀስት ብቻ ይኖራል።

ስለ ኩበት አጭር ነው የምጽፈው፤ ሥራው ግን አጭር አይደለም። ባሕር ዛፍ ከመብዛቱ በፊት፣ በዚህ ዛፍ በሌለበት ደጋ፣ ምጣዱን ያሞቀው ኩበት ነው። እበቱ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይጠፈጠፋል፣ በበጋው ፀሐይ ይደርቃል፣ ይከመራል፣ በአህያና በጀርባ ገበያ ይወጣል። ዛሬም ይሸጣል። ከአንዲት ሻጭ አንድ ሸክም ገዝተን እንደ አከማመራቸው ራሳቸው መጥተው ይከምሩልናል። ሽታ አለው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። የደረቀ ኩበት ሽታው ቀላል ነው፤ ቢሸትም ይሽተት።

የካቲት፣ መስፋትና መጥለፍ

ክፋዮቹ ሁሉም ተረግጠው ደርቀዋል። ርዝመታቸው ገጥሟል፤ ቋጠሮው ሠርቷል። መስፋቱን ፈታዮቹ ራሳቸው ያዙት፤ በዚህ ጊዜ አንድ ቤት ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ። የማን ክፋይ ከማን አጠገብ ይሁን የሚለው ረጅም ጨዋታ ሆነ። በመጨረሻ ጥቁሩ ከዳር ከዳር፣ ነጩ መሐል፣ የግራኟ ክፋይ ከመስኮቱ በኩል ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ሆነ። ይህን ያሉት እማማ ናቸው።

ጠርዙ ላይ ሦስቱ ስማቸውን ከነአባታቸው አስጠለፉ። አንዷ የእናቷን ስም አስጻፈች፤ ክሩን ያስተማረቻት እሷ ናትና። አንዷ መስቀል፣ አንዷ የእንዝርት ሥዕል መረጡ። ጡረተኛዋ የፋብሪካ የሠራተኛ ቁጥራቸውን ከስማቸው በታች አስጠለፉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሁለቱም እኔ ነኝ» አሉ።

የሰሌዳው ጽሑፍ ታትሞ መጥቷል። ሸማኔው ስሙ በባናው ላይ እንዲሆን አልፈለገም፤ ከፈታዮቹ ስም በኋላ በሰሌዳው የመጨረሻ መስመር ላይ ይገኛል። መስቀያው እንጨት ተቆርጧል፤ ባናው ከባድ ስለሆነ በሁለት ቦታ ብቻ ቢያዝ መሐሉ ይረግባል፣ ስለዚህ ከላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጨርቅ ማስገቢያ ሰፍተንለት እንጨቱ በውስጡ ያልፋል።

ከመክፈቻው በኋላ ባናው የት ይቀመጥ የሚለውን ፈታዮቹ ተነጋግረውበታል። አይሸጥም ብለዋል። በየተራ በየትምህርት ቤቱ ይዞራል፣ ክረምት ሲገባ ወደ ጠባሴ ይመለሳል። የበግ ጠጉር ብል ይወደዋል፤ በጨለማ ታጥፎ ከቆየ ይበላል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ የማውጣቱን፣ የማራገፉንና አዲስ እጥፋት የመስጠቱን ሥራ ወጣቷ ፈታይ ተረክባለች፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ማስመቻ ከፋሲካ በፊት ነው።